ጎበዝ ልጅ የት ይግባ? ስለ ልዩ ትምህርት ቤቶችና ልዩ ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ
ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ

ጉዳዩ፦ ጎበዝ ተማሪዎችን መርጠው የሚያስተምሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ክፍሎች ሙሉ መረጃ ከ9ኛ ክፍል ምዝገባ በፊት ለሕዝብ እንዲለጠፍ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር መምህራንና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባላት ነን። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ከመሐል ሜዳ እስከ አረርቲ፣ ከዓለም ከተማ እስከ አጣዬ ወላጅ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ጥሩ ውጤት አምጥቷል፤ የት ላስገባው? ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሞክር? ከተማ ገብቶ ልዩ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት ይማር? ወይስ እዚሁ ወረዳው ቀርቶ ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል ይመላለስ? ወላጅ ይህን የሚወስነው በአጥር ላይ ባነር፣ በቴሌግራም ወሬና በጎረቤት ምክር ነው። ለመወሰን የሚያስፈልገው ቁጥር ግን በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤትና በእናንተ ቢሮ ተቀምጧል። የምንጠይቀው ይህ ቁጥር እንዲወጣ ነው። እስኪወጣ ድረስም ወላጅ በምን መዝኖ ሊመርጥ እንደሚችል ከዚህ በታች ጽፈናል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባውም፣ ተጉለት ውስጥ ካለ መደበኛ ትምህርት ቤት የቀረውም ተማሪ የሚማሩት በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ መጽሐፉም አንድ ነው፤ በመጨረሻ የሚቀመጡለት የ12ኛ ክፍል ፈተናም ያው ነው። ከ600 ይታረማል፤ ማለፊያው 300 ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ወላጆች አንዳንዴ "ይህ ትምህርት ቤት እንደ አሜሪካዎቹ ኤፒ ወይም አይቢ ይሰጣል?" ብለው ይጠይቁናል። አይሰጥም። ኤፒ ተማሪው ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ በአንድ በአንድ ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ኮርስ የሚወስድበት፣ ኮሌጅ ቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የፈተና ድርጅት ተፈትኖ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ነው። አይቢ ዲፕሎማ ደግሞ የሁለት ዓመት ሙሉ ፕሮግራም ነው፤ ስድስት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው ከ7 ይታሰባሉ፣ ከረጅሙ የጥናት ጽሑፍና ከእውቀት ንድፈ ሐሳብ እስከ 3 ነጥብ ይጨመራል፣ ድምሩ ከ45 ነው። አይቢ በአገራችን የሚገኘው አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ክፍያ በሚጠይቁ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ነው። በእነዚያ ፕሮግራሞች ተማሪው የተለየ የምስክር ወረቀት ወይም የፈተና ውጤት ይዞ ይወጣል። የእኛ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተለየ ወረቀት አይሰጡም፤ የሚሰጡት በዚያው መጽሐፍ ላይ የተሻለ ጊዜ፣ የተሻለ መምህርና የተሻለ ጓደኛ ነው፤ ወይም ሊሰጡ ይገባል። ስለዚህ ንጽጽሩ መደረግ ያለበት በእነዚህ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወላጆችም የሚሳሳቱበት ቦታ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ "20 የኤፒ ኮርስ እንሰጣለን" ሲል የሰማ ወላጅ ይማረካል። ነገሩን የሚያውቅ ግን ስንት ተማሪ ኮርሱን ወሰደ፣ ከወሰዱት ስንቱ ለፈተናው ተቀመጠ፣ ስንቱ 3 እና ከዚያ በላይ አመጣ ብሎ ይጠይቃል። እኛም አገር ባነሩ የሚናገረው መጨረሻውን ብቻ ነው፦ "መቶ በመቶ አሳለፍን"።

ለምሳሌ የሚከተለውን ስሌት እንይ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተቀመጠ እንጂ የየትኛውም ትምህርት ቤት አይደለም። አንድ ልዩ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል 60 ተማሪ ተቀበለ። በአራት ዓመት ውስጥ 12ቱ አማካያቸው ዝቅ በማለቱ ወይም በሌላ ምክንያት መሸኛ ተጽፎላቸው ወደ መጡበት ተመለሱ። 48 ተፈተኑ፣ 48 አለፉ። ባነሩ ላይ መቶ በመቶ ይጻፋል፤ ከገቡት አንጻር ግን 80 በመቶ ነው። መሸኛ የተጻፈላቸው 12 ልጆች ደግሞ በልዩ ትምህርት ቤቱ ቁጥር ውስጥ የሉም። የተመለሱበት ትምህርት ቤት ውጤት ውስጥ ገብተው የዚያን ቁጥር ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ። ስለዚህ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት አለፈ?" ብሎ ሳይሆን "ከአራት ዓመት በፊት ስንት ገባ? ዛሬ ስንቱ አለ?" ብሎ ነው። ተማሪ የሚመለስበት ሕግ ካለም በጽሑፍ ይታይ፤ ከስንት አማካይ በታች፣ በስንተኛው መንፈቅ ዓመት፣ ማስጠንቀቂያና የማጠናከሪያ ትምህርት ተሰጥቶ ወይስ ሳይሰጥ።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ የተደበቀ ነው። ልዩ ትምህርት ቤት የሚቀበለው በ8ኛ ክፍል ውጤትና በመግቢያ ፈተና የተመረጡትን ነው። እነዚህ ልጆች ባሉበት ቢቀሩም አብዛኞቹ ጥሩ ውጤት ያመጡ ነበር። የገባውን እህል ሳያዩ የወጣውን ዱቄት ብቻ አይቶ ወፍጮውን ማመስገን ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ይህ ነው፦ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሮስተር (የውጤት መዝገብ) ላይ በ8ኛ ክፍል ከልዩ ትምህርት ቤቱ መቁረጫ በላይ ያመጡትን ነገር ግን ያልገቡትን ልጆች መርጦ በ12ኛ ክፍል ያመጡትን ማየት። እነሱ በአማካይ 385 አምጥተው ልዩ ትምህርት ቤት የገቡት እኩዮቻቸው 410 ቢያመጡ፣ ትምህርት ቤቱ ጨመረ ሊባል የሚችለው 25 ነጥብ ገደማ ነው። 25 ነጥብ ቀላል አይደለም፤ የሚመደቡበትን የትምህርት ዘርፍ ሊቀይር ይችላል። ነገር ግን ልጅን ከ14 ዓመቱ ከቤት ለማስወጣት 25 ነጥብ ይበቃል ወይ የሚለውን ወላጅ ራሱ መወሰን አለበት፤ የሚወስነውም ቁጥሩን ሲያይ ነው። ይህን ስሌት ለመሥራት የሚያስፈልገው የ8ኛ ክፍል ውጤትና የ12ኛ ክፍል ውጤት በአንድ መዝገብ ቁጥር ማገናኘት ብቻ ነው። ሁለቱም በእናንተ በኩል ያልፋሉ።

የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን አይበቃም። 25 ተማሪ ባለበት ልዩ ክፍል ሁለት ልጅ በፈተና ሳምንት ቢታመሙ ውጤቱ በ8 በመቶ ይወርዳል። ቢያንስ የሦስት ዓመት ይታይ። ከዚህም ጋር የአገሪቱ ውጤት አብሮ ይታይ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስለዚህ ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ውጤቱን ከ4 ወደ 9 በመቶ ያሳደገ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ ጋር አብሮ ሄደ እንጂ ከሌላው የተለየ ነገር አደረገ ለማለት ይከብዳል። በአንጻሩ ማንም የማያውቀው የገጠር ትምህርት ቤት ከዜሮ ተነስቶ አሥር ተማሪ ካሳለፈ እዚያ የተሠራ ሥራ አለ፤ እዚያ ያለውን ርዕሰ መምህር ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ጊዜና መምህር ነው። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤትና ሙሉ ቀን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በሳምንት የሚሰጡት ክፍለ ጊዜ እኩል አይደለም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ የማታ ጥናት አለ፤ ነገር ግን "ጥናት አለ" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የፊዚክስ ወይም የሒሳብ መምህር በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ይገኛል ወይስ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው የሚገኘው? በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት መምህሩ ለ6 ሳምንት ቢጎድል 24 ክፍለ ጊዜ ይቀራል። በኋላ የሚሰጠው ማካካሻ ብዙ ጊዜ ምዕራፍ ለመጨረስ የሚደረግ ሩጫ ነው፤ ተማሪው ጥያቄ ሠርቶ አይገባውም። ስለዚህ ወላጅ ለርዕሰ መምህሩ ይህን ይጠይቅ፦ አምና በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በእንግሊዝኛ ያለ መምህር የቆየ ክፍል ነበር? ስንት ሳምንት? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ መምህር መጉደል ሁሉንም ትምህርት ይጎዳል። ይህን ብዙ ወላጅ ልብ አይለውም።

ቤተ ሙከራን በተመለከተ ወላጅ በር ላይ የተጻፈውን አይመን፤ ሁለት ነገር ይይ። አንደኛ፣ የመታጠቢያ ገንዳውን ቧንቧ ከፍቶ ውኃ ይምጣ አይምጣ ይይ። ውኃ የሌለው ቤተ ሙከራ መጋዘን ነው። ሁለተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን የሙከራ ደብተር ይጠይቅ። በአሲድና ቤዝ ምዕራፍ ውስጥ ተማሪ በቡሬት (ከታች መክፈቻ ባለው ቀጭን የመለኪያ ብርጭቆ) ቤዝ እያንጠባጠበ የአሲዱን መጠን የሚያገኝበት ሙከራ አለ። ቡሬቱ 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ጫፉ ላይ አየር ከቀረ ንባቡ ይሳሳታል፤ አንድ ጠብታ ሲያልፍ የሙከራው ማብቂያ ምልክት የሆነው ደብዛዛ ሮዝ ቀለም ደማቅ ሮዝ ሆኖ ሙከራው እንደገና ይጀመራል። በእጁ የሠራ ተማሪ ደብተር ላይ ሦስት ንባብ ይገኛል፤ 24.3፣ 24.6፣ 24.5 እያለ ይለያያል፤ አንዱ ተሰርዟል፤ ወረቀቱ ላይ የሮዝ ፈሳሽ ምልክት አለ። የሁሉም ተማሪ ደብተር ላይ 24.6 ብቻ በንጹሕ ጽሑፍ ከተጻፈ ሙከራው የተሠራው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። 60 ተማሪ አንድ ቡሬት ካለው እንዲህ መሆኑ አይቀርም፤ መምህሩን መውቀስ አይገባም። ትምህርት ቤቱ "በተግባር የተደገፈ" ብሎ ከመጻፉ በፊት ግን ስንት ቡሬት፣ ስንት ማይክሮስኮፕ እንዳለውና ከእነዚያም የሚሠሩት ስንት እንደሆኑ ይጻፍ። የሌንሱ መስታወት ሻጋታ የያዘበት ማይክሮስኮፕ በንብረት መዝገብ ላይ እንደ ደህና ይቆጠራል።

በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉት የስቴም ማዕከላት በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ወይም ክረምት ላይ ነው የሚያስተምሩት። ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮምፒውተር፣ የተግባር ሙከራ በጣም ይጠቅማሉ፤ ሆኖም የመደበኛ ትምህርት ቤትን ጉድለት አይሞሉም። ደብረ ብርሃን ወይም ጫጫ ያለ ልጅ ይመላለሳል፤ ለሸዋ ሮቢት ልጅ ጣርማ በርን እየወጡ መውረድ በየሳምንቱ አይቻልም።

ልዩ ክፍል የሚባለው በአንድ መደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ለይቶ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ማስቀመጥ ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ልጁም ከቤቱ አይርቅም። ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይመጣል፤ ጎበዝ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ወደዚያ ክፍል ይመደባሉ፣ የቀሩት ክፍሎች አዲስ መምህር ወይም ክፍተት ይደርሳቸዋል። ትምህርት ቤቱ ልዩ ክፍሉ ያመጣውን ውጤት ብቻ ሲያሳይ ይህ አይታይም። በእኛ አስተያየት ልዩ ክፍል መመዘን ያለበት በሙሉ ትምህርት ቤቱ ውጤት ነው፤ ልዩ ክፍል ከተከፈተ በኋላ የሌሎቹ ክፍሎች ውጤት ከወረደ የተሠራው ጥቅም ማዛወር ነው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ጉዳይ ብዙም አይነሳም። ልዩ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ያደላሉ፤ ተማሪ ግን ዘርፍ የሚመርጠው 11ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚወድ ልጅ ልዩ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ "እዚህ ማኅበራዊ ሳይንስ የለም" ሊባል ይችላል። ከመመዝገቡ በፊት ይጠየቅ።

አዳሪ መሆን የሚያስከፍለውን ወላጅ በሚገባ ማስላት አለበት። ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ የቤት ኪራይ አለበት፣ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ከቤት ይላክለታል፤ እንጀራው ሲሻግት በቆሎና በበሶ ያድራል፤ ምግብ ለማብሰል የሚያጠፋው ሰዓት ከጥናቱ ይቀነሳል። ስለዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ምግብና መኝታ በእርግጥ የሚሸፍን ከሆነ ለደኻ ልጅ ትልቁ ጥቅሙ ከመምህሩም በላይ ይህ ነው። ግን ይጠየቅ፦ በጀቱ ስንት ወር ይሸፍናል? ከአሁን ቀደም ምግብ ተቋርጦ ተማሪ ወደ ቤት የተላከበት ጊዜ አለ? ፍራሽ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ የማን ነው? ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከቀወት ወይም ከኤፍራታና ግድም ቆላ የመጣ ልጅ በአንድ ስስ ብርድ ልብስ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በጉንፋን ያሳልፋል። የሴቶች መኝታ አጥርና መብራት፣ የማታ ጥናት ከሚደረግበት ክፍል እስከ መኝታ ያለው መንገድ፣ የውኃና የንጽሕና መጠበቂያ አቅርቦት ወላጅ በዓይኑ ሊያየው ይገባል። ሴት ልጁን ለመላክ የሚያመነታ አባት ፍርሃቱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ መልሱም የሚታይ ነገር ይሁን።

የመግቢያ ፈተናውን በተመለከተ ከመምሪያው ጋር በቀጥታ የምንነጋገረው ጉዳይ አለ። ፈተናው በአንድ ቀንና በአንድ ከተማ ብቻ ከተሰጠ የሚመረጠው ጎበዝ ልጅ ሳይሆን በዚያ ቀን መድረስ የቻለ ልጅ ይሆናል። የመርሐቤቴ ልጅ ጀማን ተሻግሮ፣ የምንጃር ልጅ ደግሞ መኪና ቀያይሮ፣ አንድ ቀን አስቀድሞ መጥቶ፣ ማደሪያ ተከራይቶ ነው የሚፈተነው። በእነዚህ ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋባቸውና ትምህርት የተቋረጠባቸው ወረዳዎች እንዳሉ መምሪያው ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ፈተናው ቢያንስ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ፣ በአረርቲና በሸዋ ሮቢት በአንድ ቀን ቢሰጥ፣ ለደረሰባቸው መሰናክል ማስረጃ ላቀረቡ ደግሞ ሁለተኛ ቀን ቢኖር የሚጠይቀው የወረቀት ማሸግና የፈታኝ ምደባ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቶቻችን መምህራን በነጻ ፈታኝ ሆነው ለመሥራት ፈቃደኞች መሆናቸውን አረጋግጠናል። ደብረ ብርሃን ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ከሆነች ወዲህ የከተማውና የዞኑ ተማሪ ድርሻ እንዴት እንደሚከፈል ወላጅ አያውቅም። ኮታ ካለ ይነገር፤ ከሌለም የለም ይባል።

ከዚህ በመነሳት የምንጠይቀው አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ለእያንዳንዱ ልዩ ትምህርት ቤት፣ ልዩ ክፍል ላለው ትምህርት ቤትና ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት መልክ ይሞላ። በቅጹ ላይ ባለፉት ሦስት ዓመታት 9ኛ ክፍል የገቡት ተማሪዎች ቁጥርና የ8ኛ ክፍል አማካይ ውጤታቸው፤ መሸኛ ወስደው የወጡት፤ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት፤ ከ300 በታች፣ ከ300 እስከ 399፣ ከ400 እስከ 499፣ ከ500 በላይ ያመጡት ቁጥር፤ በየክፍሉ ያለው የተማሪ ብዛት፤ በየትምህርቱ ያለ መምህር የቆዩ ሳምንታት፤ በእጅ የተሠሩ ሙከራዎች ብዛት፤ የመማሪያ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ አንድ እንደሚደርስ ይጻፍ። ወላጅ የሚከፍለው ማንኛውም ገንዘብ፣ "መዋጮ" ተብሎ የሚሰበሰበውም ጭምር፣ በብር ይቀመጥ። ሴትና ወንድ ተለይቶ ይሞላ። የተማሪ ስም አይጠቀስ፤ ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር ልጁን ሊያስለይ ስለሚችል "ከ5 በታች" ተብሎ ይጻፍ።

ቅጹ በፌስቡክ ብቻ አይውጣ። በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና 8ኛ ክፍል ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የክልላዊ ፈተናው ከመድረሱ በፊት፣ ቢዘገይ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለጠፍ። ነሐሴ ላይ የወጣ መረጃ ጥቅሙ ምዝገባው ላለፈበት ወላጅ አይደርስም።

ሮስተሮችን ለማስተካከልና የ8ኛውን ከ12ኛው ጋር ለማገናኘት የሰው ኃይል ካነሰ የሒሳብና የአይ ሲ ቲ መምህራን ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ ባሉት የዕረፍት ቀናት ለመሥራት ተስማምተናል። የቅጹን ረቂቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘን ለሁለቱም መምሪያዎች መዝገብ ቤት ገቢ አድርገናል። ተቀባይነት ካገኘ ለመጀመሪያው ዙር ሦስት ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ልዩ፣ አንድ ልዩ ክፍል ያለው፣ አንድ መደበኛ፣ መርጣችሁ ብትነግሩን ከእነሱ መጀመር እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር

በሰሜን ሸዋ ዞንና በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባላት

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ወላጆች በሙሉ